የኮሌጅ ስፖርት ኮንፈረንስ አዲስ ኮሚሽነር ሲሾም ደጋፊው ለምን ይቆጣል? የሯጭ ቤተሰብስ ሊሰጋ ይገባል?

የሐረጎ መንገደኛ (ኮምቦልቻ)

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ፤ ቤቴ ኮምቦልቻ በመሆኑ ሐረጎን በየቀኑ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያሠለጠንኩት አንድ ልጅ በሩጫ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ አሜሪካ ሄዷል። ልጁ እንዳይታወቅ ስል የዩኒቨርሲቲውንም ሆነ ዩኒቨርሲቲው የሚወዳደርበትን ኮንፈረንስ (የዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ውድድር ማኅበር) ስም አልጠራም።

በቅርቡ ይህ ኮንፈረንስ አዲስ ኮሚሽነር ሾመ። ዜናውን እንዳየሁ ደጋፊዎች ምን እንዳሉ ለማወቅ ጓጓሁና እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ አስተያየታቸውን ሳነብ አመሸሁ። ያላሰብኩት ቁጣ ነው የገጠመኝ። ገሚሱ ሰውዬው ከቴሌቪዥንና ከንግድ ዓለም የመጣ ስለሆነ አንድ ቀን እንኳ በዩኒቨርሲቲ ስፖርት ውስጥ አልሠራም፣ ስለ እኛ ወግና ታሪክ የሚያውቀው ነገር የለም እያለ ይማረራል። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ገንዘብ ማምጣት የሚችል ሰው መጣልን ብሎ ይደሰታል። ጥቂቶች የቀድሞውን ኮሚሽነር በደል እየዘረዘሩ ማንም ይምጣ ከእርሱ አይብስም ይላሉ። ስለ ሩጫ ግን አንድም ሰው አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ነገሩን እንደ ተራ ዜና ልተወው አስቤ ነበር። ነገር ግን በሳምንቱ የልጁን እናት ሰኞ ገበያ አገኘኋቸውና ገና ሰላምታ ሳንጨርስ፣ «መምህር፣ ልጄ ካለበት ቦታ አዲስ ሹም መጣ አሉኝ፤ የድሮውን ሰው ሁሉ ያባርራል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ሹም ሲለወጥ በሥሩ ያለው ሁሉ እንደሚለወጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዩ ሴት ናቸው፤ ስጋታቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም። እኔም የማውቀው ስላልነበረ፣ «አብሽሩ፣ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ብዬ ተለየኋቸው።

ስለዚህ እናንተን ልጠይቅ። የአንድ ኮንፈረንስ ኮሚሽነር ሥልጣኑ ምን ያህል ነው? ደጋፊዎች የሰውየውን የቀድሞ ሥራ እያነሱ መቆጣታቸው እውነት መሠረት አለው? ለእኚህ እናትስ ምን ብዬ ብነግራቸው ነው ሳልዋሽ የማሳርፋቸው?


ጦሳ ሥር (ደሴ)

መምህር፣ ጥያቄዎን ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። የሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት በአሜሪካ ምዕራብ በኩል ስለሆነ፣ ከተመለስኩ በኋላም የኮሌጅ ስፖርትን መከታተል አልተውኩም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ «ኮሚሽነር» የሚለው ቃል እኛን ያሳስተናል። እኛ ዘንድ ኮሚሽነር ሲባል የፖሊስ ወይም የአንድ መንግሥታዊ ኮሚሽን የበላይ ስለሆነ፣ ቃሉን ስንሰማ የሚያዝ ሰው ይታየናል። እዚያ ግን ኮሚሽነር ማለት ዩኒቨርሲቲዎች በማኅበር ተሰባስበው የቀጠሩት ሥራ አስኪያጅ ነው። አለቆቹ የአባል ዩኒቨርሲቲዎቹ ፕሬዚዳንቶች ናቸው፤ የሚቀጥሩትም፣ ደመወዙን የሚወስኑትም፣ የሚያሰናብቱትም እነርሱ ናቸው። የወሎ ሰው ለሆነ ሁሉ የሚገባ ምሳሌ ልስጥ፦ ቅሬ ነው፤ በሌላው አገር ዕድር የሚባለው ማለት ነው። የቅሬ ሰብሳቢ መዋጮ ያስተባብራል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ በአባላት መካከል ጠብ ሲነሣ ያስታርቃል፤ አባላቱ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ሌላ ቅሬ ለመግባት ከቆረጡ ግን እጃቸውን ይዞ ሊያስቀራቸው አይችልም።

አሁን ወደ ደጋፊዎቹ ቁጣ ልምጣ። የቁጣው ትልቁ ምንጭ የፓክ 12 ታሪክ ነው፤ ይህን ታሪክ ያላወቀ ሰው ዛሬ የሚሰማውን ጩኸት ሊረዳው አይችልም። ፓክ 12 ሥሩ እስከ 1915 የሚደርስ፣ በምዕራብ አሜሪካ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችን ያሰባሰበ ኮንፈረንስ ነበር። በ2009 ላሪ ስኮት የተባሉ፣ ከዚያ በፊት የሴቶች ሜዳ ቴኒስ ማኅበርን ይመሩ የነበሩ ሰው ኮሚሽነር ሆኑ። በ2011 ከኢኤስፒኤንና ከፎክስ ጋር ለ12 ዓመት የሚቆይ፣ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ የስርጭት ውል ሲፈራረሙ ደጋፊው ሁሉ አጨበጨበ። በዓመቱ፣ በኦገስት 2012፣ ኮንፈረንሱ ያለ አጋር ብቻውን የያዘው የራሱ የቴሌቪዥን ጣቢያ ተከፈተ። በሐሳብ ደረጃ መልካም ነበር፤ ባለቤትነቱ መቶ በመቶ የራስ ስለሆነ ትርፉም የራስ ይሆናል ተብሎ ነበር። ሆኖም ዳይሬክት ቲቪ ከተባለው ትልቅ የሳተላይት አቅራቢ ጋር ስምምነት ሳይደረስ ዓመታት አለፉና፣ ብዙ ደጋፊ የራሱን ዩኒቨርሲቲ ጨዋታ ቤቱ ተቀምጦ ማየት አልቻለም። እኔም ያኔ እዚያው ነበርኩ፤ ቅዳሜ ማታ ጨዋታ ለማየት ጣቢያው የሚገኝበትን ምግብ ቤት ስንፈልግ ከተማውን እናስስ ነበር። ደጋፊ ገንዘብ ሲጎድል ላያውቅ ይችላል፤ ቡድኑን ማየት ሲከለከል ግን ያውቃል።

ስኮት በ2021 ለቀቁ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ጆርጅ ክሊያቭኮፍም ከኮሌጅ ስፖርት ውጭ፣ ኤምጂኤም ከተባለው የሆቴልና የመዝናኛ ድርጅት ነበር የመጡት። ሥራ በጀመሩ በዓመቱ፣ ጁን 30 ቀን 2022፣ የሎስ አንጀለሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ቢግ ቴን ወደተባለው ሌላ ኮንፈረንስ እንደሚሄዱ ተነገረ። የቀሩት አዲስ የስርጭት ውል ሲጠባበቁ፣ ቢግ 12 የተባለው ተፎካካሪ ኮንፈረንስ ኮሚሽነር ብሬት ዮርማርክ ውላቸው ሊያልቅ ገና ጊዜ እያለው ቀድመው ተደራደሩና በኦክቶበር 2022 የስድስት ዓመት፣ 2.28 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ስምምነት ላይ ደረሱ። ፓክ 12 እስከ 2023 ክረምት ድረስ ሲደራደር ቆይቶ በመጨረሻ ያቀረበው፣ ገቢው በአብዛኛው በተመዝጋቢዎች ቁጥር ላይ የተንጠለጠለ የአፕል የኢንተርኔት ስርጭት ነበር። ፕሬዚዳንቶቹ አልተማመኑበትም። ኮሎራዶ በጁላይ መጨረሻ ወጣ፤ ኦገስት 4 ቀን 2023 በአንድ ቀን አምስት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ማለትም ኦሪገን፣ ዋሽንግተን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ፣ መውጣታቸውን አሳወቁ። ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ በርክሌይ ሲከተሉ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ማኅበር ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻ ቀሩት።

ስለዚህ አንድ ደጋፊ «ከውጭ የመጣ ሰው» ሲባል የሚደነግጠው ይህን ስላየ ነው። ነገር ግን ቁጣው እውነተኛ ቢሆንም መደምደሚያው ትክክል አይመስለኝም። ፓክ 12ን የቀደሙት ዮርማርክ ራሳቸው ከየት መጡ? በ2022 ሲሾሙ የባርክሌይስ አዳራሽንና የብሩክሊን ኔትስን ንግድ የመሩ፣ ኋላም ሮክ ኔሽን በተባለው የሙዚቃና መዝናኛ ድርጅት የሠሩ ሰው ናቸው፤ በዩኒቨርሲቲ ስፖርት ግቢ ውስጥ አልሠሩም። ያኔ የቢግ 12 ደጋፊዎች የጠየቁት ጥያቄ እርስዎ አሁን ከሚያነቡት ጋር አንድ ነው። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ቦብ ቦውልስቢ ደግሞ በአዮዋና በስታንፎርድ የስፖርት ዳይሬክተር የነበሩ የቤት ሰው ናቸው፤ ሆኖም ቴክሳስና ኦክላሆማ ቢግ 12ን ትተው ኤስኢሲ ወደተባለው ኮንፈረንስ ለመሄድ የወሰኑት በ2021፣ በእርሳቸው ዘመን ነው። እነዚያን ሁለቱን የተቀበሉት የኤስኢሲው ግሬግ ሳንኪም ከ2002 ጀምረው በዚያው ቢሮ የሠሩና በ2015 የተሾሙ የቤት ሰው ናቸው። ሁለት የቤት ሰዎች አንዱ ሲያጣ ሌላው አገኘ፤ ሁለት የውጭ ሰዎችም እንዲሁ። እኔ አንድ ኮሚሽነር ሲሾም የምመለከተው ሁለት ነገር ነው፦ የስርጭት ውሉ የሚያልቀው መቼ ነው፣ ከአባላቱስ ልቡ የሸፈተ አለ ወይ? ሰውየው ከየት መጣ የሚለው ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።


ቦርከና (ኮምቦልቻ)

የጦሳ ሥር ጽሑፍ ብዙ አስተምሮኛል፤ ነገር ግን የደጋፊውን ቁጣ ስሜት ብቻ አድርጎ ማየቱ ላይ አልስማማም። ቁጣው መረጃ ይዟል፤ ኮሚሽነር የሚወድቀውም ብዙ ጊዜ ያንን መረጃ ባለመስማቱ ነው።

የቢግ ቴንን ነገር ላንሳ። ጂም ዴላኒ ከ1989 ጀምረው ሠላሳ ዓመት ከመሩት በኋላ በ2020 መጀመሪያ ኬቨን ዋረን ተተኩ። ዋረን ሚኒሶታ ቫይኪንግስ ከተባለው የባለሙያዎች ቡድን የመጡ የሕግ ሰው ናቸው። ሥራ በጀመሩ በወራት ውስጥ ኮሮና ገባ። ኦገስት 11 ቀን 2020 ኮንፈረንሱ የመኸሩን የአሜሪካ እግር ኳስ ውድድር እንዲዘገይ ወሰነ፤ ውሳኔው እንዴት እንደተደረገና ማን እንደደገፈው ግን በግልጽ አልተነገረም። ወላጆች ቺካጎ አጠገብ ባለው ዋና መሥሪያ ቤት ደጃፍ ተሰልፈው ጠየቁ፤ የኦሃዮ ስቴቱ ጀስቲን ፊልድስ የፊርማ ማሰባሰቢያ ጀመረ፤ የኔብራስካ ስምንት ተጫዋቾች ፍርድ ቤት ሄዱ። ዋረን በኦገስት 19 ባወጡት ደብዳቤ ውሳኔው ዳግም አይታይም አሉ። ፕሬዚዳንቶቹ 11 ለ3 በሆነ ድምፅ መወሰናቸው የታወቀው በፍርድ ቤቱ ክርክር ምክንያት ነው። ከዚያ በሴፕቴምበር 16፣ አንድ ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ አይታይም የተባለው ውሳኔ ተሻረና ውድድሩ በኦክቶበር ተጀመረ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ድምፅ የሰጡት ፕሬዚዳንቶቹ ናቸው፤ በዚህ ከጦሳ ሥር ጋር እስማማለሁ። ዋረንም የተሰደቡት ባልሰጡት ድምፅ ነው። ነገር ግን ሰው ምክንያቱን ከአንደበታቸው ሊሰማ ሲጠብቅ ዝም ማለታቸው የእርሳቸው ጉድለት ነበር። የኮሚሽነር አንዱ ሥራ ይህ ነው፦ ሥልጣን የሌለው ሰው ሆኖ ሳለ ሥልጣን ያላቸው የወሰኑትን ለሕዝብ ማስረዳት። ዋረን ኋላ ላይ፣ በኦገስት 2022፣ ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የሰባት ዓመት ውል አስገኝተው፣ በ2023 ወደ ቺካጎ ቤርስ ሄዱ። በገንዘብ በኩል ትልቅ ውጤት ነው። ይሁን እንጂ የቢግ ቴን ደጋፊዎች ስማቸው ሲነሣ ዛሬም ቀድመው የሚያስታውሱት ያንን የኦገስት ወር ነው።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ጉርብትና ነው። ጦሳ ሥር ስለ ውልና ስለ ዶላር ሲዘረዝሩ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሲበታተኑ ደጋፊው ያጣውን አልጠቀሱም። ዋሽንግተንና ዋሽንግተን ስቴት ከ1900 ጀምሮ የሚጋጠሙ፣ የአንድ ክፍለ ግዛት ልጆች ናቸው። ጨዋታቸው ባይቋረጥም፣ ዋንጫ በሚወሰንበት በኖቬምበር መጨረሻ መደረጉ ቀርቶ በ2024 ወደ ሴፕቴምበር መጣ፤ የኮንፈረንስ ጨዋታም መሆኑ ቀረ። እስቲ ወደ እኛ አምጥታችሁ አስቡት። ደሴና ኮምቦልቻ በሊግ መጋጠማቸው ቀርቶ፣ ደሴ በየሁለት ሳምንቱ ጅንካ ድረስ እየሄደ እንዲጫወት ቢወሰን፣ ምክንያቱም የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው ቢባል፣ ሆጤ ስታዲየም የሚገባው ሰው ምን ይላል? ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በሐረጎ በኩል ደጋፊ ጭኖ የሚወጣው መኪና ምን ሊጭን ነው? እኔ ልጅ ሆኜ አባቴ ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ነው የመጀመሪያውን ጨዋታ ያየሁት፤ ከዚያ ቀን የማስታውሰው ውጤቱን ሳይሆን ከሁለቱም ከተሞች የመጣው ሰው አንድ ላይ ሻይ ሲጠጣ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚሸጥ ሰው ቢያንስ ምን እየሸጠ እንደሆነ ማወቅ አለበት። «የእኛን ወግ አያውቅም» የሚለው የደጋፊ ቅሬታ ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ንቀው እንዲያልፉት አልፈልግም።


ጦሳ ሥር (ደሴ)

ቦርከና፣ ስለ ጉርብትናው ያነሡት እውነት ነው፤ ሳልጠቅሰው ማለፌ ጥፋቴ ነው። እንዲያውም ያንን ጉርብትና ያወቀ ሰው መሾም ምን እንደሚመስል ለማየት የፓክ 12ን ቀጣይ ታሪክ ማየት ይበቃል። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ በቀሩ ጊዜ፣ በፌብሩዋሪ 2024፣ ቴሬሳ ጉልድ ተሾሙ። የኮንፈረንሱ ምክትል ኮሚሽነር የነበሩ፣ ቤቱ ሲፈርስ ውስጡ የነበሩ ሴት ናቸው። በሴፕቴምበር 2024 ቦይሲ ስቴት፣ ኮሎራዶ ስቴት፣ ፍሬዝኖ ስቴትና ሳን ዲዬጎ ስቴት እንዲገቡ ተስማሙ፤ በዚያው መኸር ዩታ ስቴትና ጎንዛጋ ተጨመሩ፤ በ2025 ደግሞ ቴክሳስ ስቴት፤ ሁሉም ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ እንዲወዳደሩ ነው የተወሰነው። የኦሪገን ስቴትና የዋሽንግተን ስቴት ደጋፊዎች ስለ እርሳቸው የጻፉትን ባነበብኩ ጊዜ ያገኘሁት ቃና ከሌላው የተለየ ነበር፤ ሐዘን አለበት፣ ትዕግሥትም አለበት። ቁጣቸውን ያተኮሩት በሄዱት ላይ ነው።


የሐረጎ መንገደኛ (ኮምቦልቻ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የደጋፊዎቹ ቁጣ ከየት እንደመጣ አሁን ገብቶኛል። ይሁንና ያነሣችሁት ሁሉ በእግር ኳሳቸው ላይ ያተኮረ ነው። የእኔ ልጅ በመኸር አገር አቋራጭ፣ በብርዱ ወራት የቤት ውስጥ ውድድር፣ በጸደይ ደግሞ 5,000ና 10,000 ሜትር ነው የሚሮጠው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲቀላቀሉ ልጁ በየሳምንቱ በአውሮፕላን እየተመላለሰ ከትምህርቱ ይቀራል ማለት ነው? ስለ ሩጫው የሚያውቅ ሰው ካለ ቢመልስልኝ።


የሙጋድ ልጅ (ከደሴ፣ አሁን አሜሪካ)

ሰላም መምህር። እኔ ሙጋድ ተወልጄ ያደግኩ፣ በሩጫ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቼ እዚህ የተመረቅኩ እኅትዎ ነኝ። በእኔ ዘመን የኮንፈረንሳችን ኮሚሽነር አንድ ጊዜ ተለውጧል፤ ማወቄም የመጀመሪያው ውድድር ላይ ሜዳሊያ ሲሰጡ አዲስ ሰው ሳይ ነበር። እናትየውን ለማሳረፍ ይህ ብቻ የሚበቃ ይመስለኛል፤ ግን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ስለ ጉዞው ብዙ አይስጉ። አሁን ቢግ ቴን 18 አባላት አሉት፤ ከሎስ አንጀለስ እስከ ኒው ጀርሲ ያለው ርቀትም ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህ ርቀት በጣም የሚጎዳው በየሳምንቱ ከኮንፈረንሱ አባላት ጋር የሚጋጠሙትን፣ እንደ መረብ ኳስና እንደ ቅርጫት ኳስ ያሉትን ነው። ሯጭ ግን ከኮንፈረንሱ ጋር በግድ የሚገናኘው በዓመት ሦስት ጊዜ ነው፦ በመኸር ለአገር አቋራጭ ሻምፒዮና፣ በብርዱ ወራት መጨረሻ ለቤት ውስጥ፣ በሜይ ደግሞ ለሜዳ ሻምፒዮና። ሌላውን ውድድር የሚመርጠው አሠልጣኙ ነው። ወደ ብሔራዊ የአገር አቋራጭ ውድድር የሚያሳልፈው የማጣሪያ ውድድርም በመልክዓ ምድር በተከፈሉ ዘጠኝ ክልሎች የሚደረግ ስለሆነ ከኮንፈረንስ ጋር አይያያዝም።

እንዲያውም ለሯጭ የኮንፈረንስ ስም ያን ያህል ወሳኝ አለመሆኑን ሁለት ሰዎች ያሳያሉ። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ኬንታኪ ውስጥ የተወለደው ያሬድ ንጉሤ ኤሲሲ የተባለው ትልቅ ኮንፈረንስ አባል በሆነው ኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ሮጦ በ2019 የኮሌጆች የ1,500 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ፤ በፓሪስ 2024 ደግሞ የኦሎምፒክ ነሐስ አገኘ። ኤርትራዊው ሀብቶም ሳሙኤል በበኩሉ የቴሌቪዥን ገንዘቡ እጅግ ባነሰው በማውንቴን ዌስት ኮንፈረንስ፣ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ እየሮጠ በ2024 የ10,000 ሜትር ሻምፒዮን ሆኗል። ሀብቶም የሚሠለጥንበት አልበከርኪ ከፍታ አለው፤ ለደሴ ልጅ ከኮንፈረንስ ስም ይልቅ ይህ ዓይነቱ ነገር ይጠቅመዋል።

አሁን ወደ እውነተኛው ስጋት ልምጣ፤ ስለዚህ ነገር ደጋፊዎች ሲጽፉ አላየሁም። ነፃ የትምህርት ዕድሉን የሰጠው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ኮንፈረንሱ አይደለም። የሩጫ ቡድን ይኑር ወይስ ይዘጋ ብሎ የሚወስነውም ዩኒቨርሲቲው ነው። በኖቬምበር 2020 ክሌምሰን የወንዶች የሩጫ ቡድኑን እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር፤ አትሌቶቹ ተሟግተው በኤፕሪል 2021 ውሳኔውን አስለወጡ። ያንን ሰሞን የኮሚሽነሩን ስም ያነሣ ሯጭ አልሰማሁም፤ ሁላችንም የምናየው የዩኒቨርሲቲውን አመራር ነበር።

ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ ጁን 6 ቀን 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ያጸደቁት፣ አትሌቶች በብሔራዊው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር (ኤንሲኤኤ) ላይ በመሠረቱት፣ ሃውስ በሚባለው ክስ የተደረሰው ስምምነት ነው። በዚህ ስምምነት የገቡ ዩኒቨርሲቲዎች ለአትሌቶቻቸው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ መክፈል ይችላሉ። አብዛኛው ወደ እግር ኳሳቸውና ወደ ቅርጫት ኳስ እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ለእኛ የሚነካን ሌላው ክፍል ነው። ቀድሞ የወንዶች ሩጫና አገር አቋራጭ በአንድ ላይ 12.6፣ የሴቶቹ 18 ሙሉ የትምህርት ዕድል ነበር የሚፈቀድላቸው፤ አሠልጣኙ ያችን እየከፋፈለ ለብዙ ልጆች ያዳርስ ነበር። አሁን በስምምነቱ በገቡት ዩኒቨርሲቲዎች ያ ገደብ ቀርቶ በምትኩ የቡድኑ አባላት ቁጥር ላይ ጣሪያ ተደረገ፦ ለሩጫና ለሜዳ ተግባራት 45፣ ለአገር አቋራጭ 17። ይህም ዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ካለው ለሁሉም ሙሉ ዕድል እንዲሰጥ ይፈቅድለታል፤ በዚያው መጠን ደግሞ ከጣሪያው በላይ ያሉ ልጆች ከቡድን ሊወጡ ይችላሉ። የእርስዎ ልጅ ከቡድኑ የመጀመሪያ አምስትና ሰባት ሯጮች አንዱ ከሆነ አይነካውም፤ በአገር አቋራጭ ሰባት ሮጠው አምስቱ ነጥብ ስለሚያስቆጥሩ ለአሠልጣኙ እነዚያ ሰባቱ እንደ ዓይኑ ብሌን ናቸው። በመጨረሻዎቹ ቦታዎች ላይ ካለ ግን መጠየቅ አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጁ ገንዘብ እናሰጥሃለን የሚሉ ሰዎች ከቀረቡት ይጠንቀቅ። የውጭ ተማሪ በተማሪ ቪዛ ላይ እያለ የመሥራት መብቱ የተገደበ ነው፤ አሜሪካዊ ጓደኛው በስሙና በምስሉ ገንዘብ ተቀበለ ብሎ እርሱም ቢቀበል ቪዛው ሊበላሽ ይችላል። ከመፈረሙ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ይጠይቅ።

ስለዚህ እናቱን እንዲህ ይበሏቸው፦ የተሾመው ሰው ልጅዎን አያውቀውም፣ ሊያባርረውም አይችልም። የልጅዎ ነገር በአሠልጣኙና በዩኒቨርሲቲው እጅ ነው። ልጁ የተሰጠውን የትምህርት ዕድል ደብዳቤ ያውጣና ለአንድ ዓመት ነው ወይስ እስከ ምረቃ የሚለውን መስመር ያንብብ።


ቦርከና (ኮምቦልቻ)

እኅቴ፣ ይህን ስላብራራሽልን እግዚአብሔር ይስጥልን። ደጋፊዎቹ ስለ ሩጫ አንድ ቃል አልተነፈሱም ብለው መምህር የጻፉት አሁን ይበልጥ ከነከነኝ። እኔም ስለ ደጋፊ መብት ስከራከር ያነሣሁት የሚታየውን ጨዋታ ብቻ ነው። አንድ ኮሚሽነር ሲሾም የእነዚያ 17 ልጆች ነገር ሊጠየቅ ይገባ ነበር፤ ቁጥሩን እርሱ ባይወስነውም፣ ፕሬዚዳንቶቹ በተሰበሰቡበት ክፍል ውስጥ ቃል የማንሣት ዕድል አለውና።


የሐረጎ መንገደኛ (ኮምቦልቻ)

ትናንት ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደ ልጁ እናት ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር። የሙጋድ ልጅ ያለችውን በራሴ ቃል ነገርኳቸው፤ የቅሬውን ምሳሌም ጨመርኩ፣ እርሱ ወዲያው ገባቸው። ከዚያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «አሠልጣኙ ያው የድሮው ነው?» አሉኝ። ያው ነው፣ አልተለወጠም አልኳቸው። «እንግዲያው አብሽር» ብለው ሁለተኛውን ስኒ ቀዱልኝ።

ማታ ለልጁ ደውዬ ደብዳቤውን አስወጣሁት። አሁን የቡድኑ አምስተኛ ሯጭ መሆኑን ነገረኝ፤ ስለዚህ የጣሪያው ነገር ለጊዜው አያሰጋውም። ደብዳቤው ግን ለአንድ የትምህርት ዓመት የሚል ነው፤ ሊታደስ ይችላል ይላል። የሙጋድ ልጅ፣ እድሳቱን የሚያውቀው መቼ ነው? ዝም ቢሉትስ ምን ያድርግ?


የሙጋድ ልጅ (ከደሴ፣ አሁን አሜሪካ)

አምስተኛ ከሆነ ነጥብ የሚያስቆጥር ሯጭ ነው፤ እንኳን ደስ ያላችሁ። በኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ደንብ መሠረት ዩኒቨርሲቲው ዕድሉ መታደሱን ወይም አለመታደሱን እስከ ጁላይ 1 ድረስ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ የማይታደስ ወይም የሚቀነስ ከሆነም ልጁ ይግባኝ ብሎ የመሰማት መብት አለው፤ ይግባኙን የሚሰማውም ከስፖርት ክፍሉ ውጭ ያለ አካል ነው። ቀኑን እስኪደርስ አይጠብቅ። የሜይ ሻምፒዮና እንዳለቀ ወደ አሠልጣኙ ቢሮ ገብቶ ይጠይቅ፤ መልሱንም በቃል ብቻ አይቀበል፣ በኢሜይል ይጻፍልኝ ይበል። ከፈለገ የእኔን አድራሻ በውስጥ መልእክት እሰጥዎታለሁ፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ አብረን እንጽፈዋለን።